ከእርሳስ ነፃ የሆኑ የፀሐይ ሴል ቁሶች እንዴት ይበላሻሉ?

ለአንድ የፀሐይ ሴል ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። የመጀመሪያው «ካረፈበት ብርሃን ስንት በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ይህንንስ እስከ መቼ ይሠራል?» የሚል ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ልኬት ይበቃል። ሁለተኛው ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን ይጠይቃል። በመሆኑም በየጋዜጣውና በየጥናታዊ መጽሔቱ ርእስ ላይ ቀድሞ የሚወጣው የመጀመሪያው መልስ ነው። ሆኖም ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የሲሊከን ፓኔል ተፈላጊ የሆነው በብቃቱ ብቻ ሳይሆን አምራቾቹ የ25 ዓመት ዋስትና ሊሰጡት በመቻላቸው ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ፔሮቭስካይት የሚባሉት ቁሶች ታሪክ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለውን ርቀት በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን የፕሮፌሰር ሚያሳካ የምርምር ቡድን ከእነዚህ ቁሶች የመጀመሪያውን የፀሐይ ሴል ሲሠራ ብቃቱ 3.8 በመቶ ነበር። በሴሉ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ቁሱን ራሱን ስለሚያሟሟው ዕድሜው ከደቂቃዎች አይዘልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ፈሳሹ በጠጣር ቁስ ሲተካ ብቃቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ዘለለ። ዛሬ ከ26 በመቶ በላይ የደረሰ ሲሆን፣ ከሲሊከን ጋር ተደራርቦ ሲሠራ ደግሞ ከ34 በመቶ በላይ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሁሉ ሴሎች ውስጥ እርሳስ አለ። እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ከባዱንና መርዛማውን ብረት፣ ማለትም ሌድን ነው። የምንጽፍበት እርሳስ ግራፋይት መሆኑን ውድ አንባብያን ታስታውሳላችሁ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው እርሳሱ ወጥቶ ሌላ ብረት ሲተካበት የሚገኙትን ቁሶች ነው። «ከእርሳስ ነፃ» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ «ጉዳት የሌለውና ዘላቂ» ተብሎ ይወሰዳል። ይህ አወሳሰድ ስሕተት ነው። የእነዚህን ቁሶች ጥቅምም ሆነ የብልሽታቸውን መንገድ በአብዛኛው የሚወስኑት በአንድ አቶም ላይ የሚገኙ ሁለት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ለጥቅሙ የሚረዳው ባሕርይ ለጽናቱ የማይረዳበት ጊዜም ብዙ ነው።

ስሙና አወቃቀሩ

ፔሮቭስካይት መጀመሪያ የአንድ ማዕድን ስም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ጉስታቭ ሮዘ የተባለው ጀርመናዊ የማዕድን ተመራማሪ ከኡራል ተራሮች የመጣ የካልሲየምና የታይታኒየም ኦክሳይድ መርምሮ በሩሲያዊው ባለሥልጣን በሌቭ ፔሮቭስኪ ስም ሰየመው። ዛሬ ስሙ የሚያገለግለው ተመሳሳይ አወቃቀር ላላቸው ውህዶች ሁሉ ነው። በአወቃቀሩ ሦስት ዓይነት ቦታዎች አሉ፤ እነርሱንም «ሀ»፣ «ለ» እና «መ» ብለን እንጥራቸው። እያንዳንዱ «ለ» አቶም በስድስት «መ» አቶሞች ተከብቦ ስምንት ገጽ ያለው ቅርጽ ይፈጥራል። እነዚህ ቅርጾች በማዕዘኖቻቸው እየተያያዙ በሦስቱም አቅጣጫ የተዘረጋ መረብ ይሠራሉ፤ ትልቁ «ሀ» ደግሞ በመረቡ ክፍት ቦታዎች ውስጥ ይቀመጣል። በፀሐይ ሴሎች «ሀ» ሲዝየም ወይም ሜትልአሞኒየምን የመሰለ ኦርጋኒክ አዮን፣ «ለ» እርሳስ፣ «መ» ደግሞ አዮዲን ወይም ብሮሚን ነው።

እርሳስ በውጨኛው ዛቢያው አራት ኤሌክትሮኖች አሉት። በዚህ ውህድ ውስጥ ሁለቱን ሰጥቶ +2 ሙል ያለው አዮን ሲሆን፣ ሁለቱ ጥንድ ሆነው አብረውት ይቀራሉ። ቁሱ ብርሃንን አጥብቆ እንዲውጥ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ ጥንድ ነው። ግማሽ ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን ይውጣል። ሌላም ጥቅም አለው። በየትኛውም ክሪስታል ውስጥ አንዳንድ አቶሞች ከቦታቸው መጉደላቸው አይቀርም። በብዙ ቁሶች ይህ ጉድለት ለተጓዡ ኤሌክትሮን ወድቆ የማይወጣበት ጥልቅ ጉድጓድ ይሆንበታል፤ በእርሳስ ፔሮቭስካይት ግን አብዛኛው ጉድለት ተደናቅፎ የሚያልፈው ትንሽ ስርጉድ ብቻ ነው። ይህ ባሕርይ ጉድለትን መቻል ይባላል። ተመራማሪዎች «በፔሮቭስካይት አርአያነት የተቀረጹ» የሚሏቸው አዳዲስ ቁሶች አወቃቀሩን ባይጋሩ እንኳ ይህን ባሕርይ እንዲጋሩ ታስበው የተመረጡ ናቸው።

እርሳሱን ማውጣት ለምን አስፈለገ?

መጠኑን አስልተን እንይ። ግማሽ ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ሲዘረጋ ይዘቱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የቁሱ እፍጋት 4.2 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ስለሆነ ክብደቱ 2.1 ግራም ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው እርሳስ ነው፤ ይኸውም 0.7 ግራም ያህል ማለት ነው። በአንድ የመኪና ባትሪ ውስጥ በርካታ ኪሎ ግራም እርሳስ እንደሚገኝ የሚያውቅ አንባቢ «ታዲያ ይህ ምን ያስፈራል?» ቢል አይፈረድበትም።

ልዩነቱ በመሟሟት ላይ ነው። የፔሮቭስካይቱ ንጣፍ በዝናብ ሲመታ ፈርሶ ወደ ቢጫው የእርሳስ አዮዳይድ ይለወጣል፤ ይህም በመጠኑ በውኃ ይሟሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ናና በተተከለበት አፈር ውስጥ ከፔሮቭስካይት የመጣ እርሳስ ተጨምሮ ሲፈተሽ፣ ወደ ተክሉ የመግባት አቅሙ ከሌሎች ምንጮች በአፈር ውስጥ ካለው እርሳስ አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በግራም ብቻ ማነጻጸር አይበቃም። በእኛ አስተያየት ግን በመንደር ውስጥ ያለ ጥንቃቄ የሚቀልጥ አሮጌ ባትሪ ዛሬውኑ የሚያደርሰው ጉዳት ገና በጣራ ላይ በብዛት ካልወጣ ሴል ሊበልጥ ይችላል።

ቆርቆሮ፦ ራሱን የሚመግብ ብልሽት

እርሳስን ለመተካት መጀመሪያ የታሰበው በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ላይ ከበላዩ የተቀመጠው ቆርቆሮ (ቲን) ነው። ይህም ለቤት ክዳን የምናውለውና በመሠረቱ ዚንክ የተቀባ ብረት የሆነው «ቆርቆሮ» አይደለም፤ ንጥረ ነገሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ የኦክስፎርድ፣ በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በየበኩላቸው ከቆርቆሮ ፔሮቭስካይት 6 በመቶ ገደማ ብቃት ያላቸው ሴሎች ሠሩ። ዛሬ ብቃቱ ከ15 በመቶ አልፏል፤ ከእርሳስ ነፃ ከሆኑት ዘመዶቹ ሁሉ ቀዳሚውም እርሱ ነው። በዚያው ልክ ደካማነቱም የታወቀ ነው፤ ያልታሸገ ንጣፍ አየር ሲያገኘው በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል።

ምክንያቱን ለመረዳት በኬሚስትሪ ትምህርት የምናውቃቸውን መደበኛ የኤሌክትሮድ ቮልቴጆች እንመልከት። ቆርቆሮ ከ+2 ወደ +4 ሲሸጋገር ቮልቴጁ 0.15 ነው፤ የአዮዲን 0.54፣ የኦክሲጅን 1.23፣ እርሳስ ከ+2 ወደ +4 ሲሸጋገር ደግሞ 1.7 ገደማ ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ዝቅ ካለው ኤሌክትሮን ይወስዳል። እነዚህ ቁጥሮች በአሲዳማ ውኃ ውስጥ የተለኩ ስለሆኑ ለጠጣር ክሪስታል አቅጣጫ ጠቋሚ ብቻ ናቸው፤ አቅጣጫው ግን የማያሻማ ነው። ኦክሲጅን ከእርሳስ ጥንዱን ኤሌክትሮን ለመውሰድ አቅም ያጥረዋል፤ ከቆርቆሮ ግን በቀላሉ ይወስዳል። አዮዲንም ራሱ ከቆርቆሮ መውሰድ እንደሚችል ልብ ይሏል፤ ይህ ነጥብ ኋላ ያስፈልገናል።

እርሳስ ጥንዱን እንዲህ አጥብቆ የያዘው ለምንድን ነው? በእርሳስ ኒውክሊየስ ውስጥ 82 ፕሮቶኖች በመኖራቸው በጣም ቅርብ ያሉት ኤሌክትሮኖች በብርሃን ፍጥነት 60 በመቶ ገደማ ይጓዛሉ። በአንስታይን የአንጻራዊነት ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ኤሌክትሮኖች ወደ ኒውክሊየሱ ይሰበሰባሉ፤ የዚሁ ተጽዕኖ እስከ ውጨኛው ጥንድ ይደርሳል። ቆርቆሮ ያለው 50 ፕሮቶን ስለሆነ ይህ ተጽዕኖ በእርሱ ላይ ደካማ ነው። አንጻራዊነት የሩቅ ከዋክብት ጉዳይ ብቻ ለሚመስለው ተማሪ ይህ ጥሩ ምሳሌ ይመስለናል።

ብልሽቱ እንዴት እንደሚቀጥል እ.ኤ.አ. በ2021 በለንደን የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በዝርዝር አሳይቷል። በመጀመሪያ ኦክሲጅን የተወሰነውን ቆርቆሮ ወደ +4 ይለውጠውና ቆርቆሮ አራት-አዮዳይድ ይፈጠራል። ይህ ውህድ ከአየር እርጥበት ሁለት የውኃ ሞለኪውል ሲያገኝ ቆርቆሮ ኦክሳይድና አራት የሃይድሮጅን አዮዳይድ ሞለኪውሎች ይሆናል። አራቱ ደግሞ ከአንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ጋር ተዋህደው ሁለት የአዮዲን ሞለኪውሎችና ሁለት የውኃ ሞለኪውሎች ይሰጣሉ። አዮዲኑም ገና ያልተነካውን ፔሮቭስካይት ያጠቃል፤ ከላይ እንዳየነው ከቆርቆሮ ኤሌክትሮን ለመውሰድ በቂ አቅም አለውና። ውጤቱ እንደገና ቆርቆሮ አራት-አዮዳይድ ነው።

አሁን ሒሳቡን በወረቀት ላይ እናወራርድ። የገቡት ሁለት የውኃ ሞለኪውሎች ተመልሰው ወጥተዋል፤ ውኃው አልተበላም። ከአንድ የቆርቆሮ አራት-አዮዳይድ ሁለት አዮዲን ወጥቷል፤ ሁለቱ አዮዲኖች እያንዳንዳቸው አንድ ቆርቆሮ ሲያጠቁ ሁለት አራት-አዮዳይድ ይፈጠራል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆነ ይሄዳል ማለት ነው። በእውነተኛው ንጣፍ ውስጥ የተወሰነው አዮዲን ተንኖ ስለሚያመልጥ ቁጥሩ እንዲህ ንጹሕ አይሆንም። ቢሆንም ትንሽ እርጥበትና ትንሽ ኦክሲጅን ብቻ ያስገባ እሽግ ለምን ፈጥኖ እንደሚከዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አየር ሳይነካውም እንኳ ችግር አለ። ቆርቆሮ ከክሪስታሉ ቦታውን ለቆ ለመውጣት ብዙ ኢነርጂ አይጠይቅም። በጎደለው ቁጥር በቁሱ ውስጥ ፖዘቲቭ ሙል ተሸካሚዎች፣ ማለትም ሆሎች፣ ይበዛሉ። እነዚህም በብርሃን የተፈጠሩትን ኤሌክትሮኖች ከመሰብሰባቸው በፊት ያጠፏቸዋል። ተመራማሪዎች በሚዘጋጀው ብጥብጥ ውስጥ ቆርቆሮ ፍሎራይድ የሚጨምሩት ይህን ጉድለት ለመቀነስ ነው። ዘዴው ይረዳል፤ ፍጻሜ ግን አይደለም።

ስለ መርዛማነቱም አንድ ቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቤልጂየም የተመራ ጥናት የሜዳ አህያ የመሰለ መስመር ባላቸው ትናንሽ ዓሦች ፅንሶች ላይ የእርሳስንና የቆርቆሮን አዮዳይድ ሞክሮ ነበር። ቆርቆሮው በውኃ ውስጥ ሲፈርስ ውኃውን አሲዳማ ስላደረገው በአጭር ጊዜ ፅንሶቹን በመግደል ከእርሳሱ ብሶ ተገኘ። ይህ ማለት ቆርቆሮ ለሰው ልጅ ከእርሳስ የከፋ ነው ማለት አይደለም፤ እርሳስ በአካል ውስጥ ይከማቻልና። ነገር ግን የብልሽቱን መንገድ ሳያውቁ ስለ ጉዳት መናገር እንደማይቻል ያስረዳል።

ቢስመዝ፦ የጽናት ዋጋ

በሠንጠረዡ ላይ ከእርሳስ ቀጥሎ በስተቀኝ ያለው ቢስመዝ ነው። ሦስት ኤሌክትሮኖችን ሰጥቶ +3 ሲሆን ልክ እንደ እርሳስ ጥንዱ አብሮት ይቀራል። 83 ፕሮቶኖች ስላሉት ጥንዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ኦክሲጅንም በቀላሉ አይነጥቀውም። መርዛማነቱ አነስተኛ በመሆኑ ለሆድ ሕመም መድኃኒት ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ከታተሙት ሥራዎች አንዱ ቢስመዝ ኦክሲአዮዳይድ በአየር ላይ ለ197 ቀናት ተቀምጦ አወቃቀሩ እንዳልተለወጠ አሳይቷል። የቆርቆሮውን ደቂቃና ሰዓት ከዚህ ጋር ያነጻጽሯል። የሴሉ ብቃት ግን ከ2 በመቶ በታች ነበር።

ለምን? በ+2 ምትክ +3 ሲገባ የሙል ሚዛኑን ለመጠበቅ ከሦስት የ«ለ» ቦታዎች አንዱ ባዶ መቅረት አለበት። በዚህም ምክንያት መረቡ ይበጣጠሳል። በሲዝየም-ቢስመዝ አዮዳይድ ውስጥ በየሁለት የተጣመሩ፣ ከሌሎቹ ግን የተነጠሉ ደሴቶች ይቀራሉ፤ ኤሌክትሮንም ከደሴት ወደ ደሴት መሻገር ይከብደዋል። መረቡን ለማዳን አንድ ብልሃት ተገኝቷል፤ ይኸውም የ«ለ»ን ቦታ +1 ሙል ላለው ብርና +3 ሙል ላለው ቢስመዝ በተራ ማከፋፈል ነው። አማካዩ +2 ይሆናልና። እ.ኤ.አ. በ2016 በተለያዩ ቡድኖች የቀረበው ሲዝየም-ብር-ቢስመዝ ብሮማይድ በዚህ መንገድ የተገኘ ሲሆን ከ400 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ይችላል። ሆኖም የኢነርጂ ክፍተቱ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ስለሆነ የፀሐይን ቀይና ከቀይ በታች ያለ ብርሃን ሳይውጥ ያሳልፋል። በተጨማሪም በብርሃን የተፈጠረው ሙል በአንድ ፒኮሰከንድ ገደማ ውስጥ በዙሪያው ያሉትን አቶሞች አጣምሞ በፈጠረው ስርጉድ ውስጥ ራሱን ያስራል። ጉድለት በሌለበት ክሪስታል እንኳ ይህ ይሆናል። የዚህ ቁስ ሴሎች ለዓመታት በ3 በመቶ አካባቢ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2022 በሃይድሮጅን ታክመው ከ6 በመቶ በላይ ደረሱ።

ዱቄቱ ጸና ማለት ሴሉ ጸና ማለት አይደለም

የፀሐይ ሴል አንድ ንጣፍ አይደለም። ብርሃን የሚውጠው ቁስ ኤሌክትሮንን በሚያስተላልፍና ሆልን በሚያስተላልፍ ንጣፎች መካከል ተቀምጦ ከላይና ከታች ኤሌክትሮዶች ይኖሩታል። የአዮዳይድ አዮኖች በብርሃንና በቮልቴጅ እየተገፉ በክሪስታሉ ውስጥ ይጓዛሉ፤ የብር ኤሌክትሮድ ሲያገኙም ብር አዮዳይድ ያደርጉታል። በዚህ ጊዜ ቁሱ በራጅ ሲታይ ሙሉ ነው፤ ሴሉ ግን ሞቷል። ብርና መዳብ በውስጣቸው ላሉ የቢስመዝ ቁሶች ጥያቄው ይበረታል። ብር አዮዳይድ ከ147 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የብር አዮኖቹ እንደ ፈሳሽ የሚንቀሳቀሱበት ጠጣር መሆኑ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። የእነዚህ ቁሶች ዘመድ የሆነ ውህድ ውስጥ ብር ጨርሶ ይቆማል ብሎ መገመት የዋህነት ይሆናል።

ጥናቶችን ስናነብ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «ከመነሻ ብቃቱ 95 በመቶውን ለ1,000 ሰዓት ጠበቀ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመን መነሻው ስንት እንደነበር እንጠይቅ። መነሻው 1 በመቶ ከሆነ አብዛኛው ሙል ገና ከመጀመሪያው እየጠፋ ስለነበር አዲስ ጉዳት ቢጨመር በልኬቱ ላይ ብዙም አይታይም። ሴሉ በጨለማ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ወይስ በብርሃን ሥር ኤሌክትሪክ እየሰጠ? ሁለቱ ፈተናዎች ፈጽሞ አይገናኙም። ይህን ዝብርቅርቅ ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ2020 በርካታ ተመራማሪዎች የፈተና ሁኔታዎችን በጨለማ፣ በብርሃን፣ በሙቀትና በቀንና ሌሊት መፈራረቅ የሚለይ የጋራ ስምምነት አውጥተዋል።

1,000 ሰዓት ስንት ዓመት ነው?

ለገበያ የሚቀርብ ፓኔል ከሚያልፍባቸው ዓለም አቀፍ ፈተናዎች አንዱ በ85 ዲግሪ ሴልሺየስና በ85 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ለ1,000 ሰዓት መቆየት ነው። 1,000 ሰዓት 42 ቀን እንኳ አይሞላም። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዓመታት ለመናገር የአሬኒየስን ሕግ እንጠቀማለን፤ የብልሽት ፍጥነት ከሙቀት ጋር በኤክስፖኔንሻል ያድጋል። የሁለት ሙቀቶችን የፍጥነት ምጥጥን ለማግኘት የማስነሻ ኢነርጂውን ለቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር (0.00008617 ኤሌክትሮን ቮልት በኬልቪን) እናካፍላለን፤ ውጤቱንም በሁለቱ የኬልቪን ሙቀቶች ግልባጮች ልዩነት አባዝተን ኤክስፖኔንሻሉን እንወስዳለን።

የብልሽቱ ማስነሻ ኢነርጂ 0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን፣ በ85 ዲግሪ (358 ኬልቪን) ያለው ፍጥነት በ25 ዲግሪ (298 ኬልቪን) ካለው 50 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 1,000 ሰዓት 50,000 ሰዓትን፣ ማለትም 5.7 ዓመትን ይወክላል። ኢነርጂው 0.4 ብቻ ቢሆንስ? ምጥጥኑ ወደ 14 ይወርዳል፤ 1,000 ሰዓቱም የሚወክለው 1.6 ዓመት ብቻ ይሆናል። ያው ፈተና፣ ያው ውጤት፣ ግን በሦስት እጥፍ ተኩል የሚለያይ ዕድሜ።

ደግሞም ማን ነው ፓኔሉን በ25 ዲግሪ የሚያኖረው? በጠራራ ፀሐይ ያለ ፓኔል ከአካባቢው አየር በ25 እና በ30 ዲግሪ መካከል ይሞቃል። በአፋር ቆላ አየሩ 40 ዲግሪ ሲሆን ፓኔሉ ከ65 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ስሌቱን በ65 ዲግሪና በ0.6 ኤሌክትሮን ቮልት ብንደግመው ምጥጥኑ ከ50 ወደ 3 ገደማ ያሽቆለቁላል፤ 1,000 ሰዓቱም 3,200 ሰዓት ያህል ብቻ ይሆናል። በቀን 6 ሰዓት እንዲህ ቢሞቅ ዓመት ከግማሽ እንኳ አይሞላም። አንባብያን የሌሎች ቦታዎችን ሙቀት እየተኩ ራሳቸው እንዲያሰሉት እንጋብዛለን። ማስነሻ ኢነርጂው ሳይለካ የሚነገር የዕድሜ ቁጥር ዋጋው ዝቅተኛ እንደሆነ ያኔ በግልጽ ይታያል። ከዚህም በላይ የቆርቆሮውን የመሰለ ራሱን የሚመግብ ብልሽት በአንድ ማስነሻ ኢነርጂ አይገለጽም፤ ስለዚህ ሕጉ ራሱ ለእርሱ አይበቃም።

የቢስመዝና የአንቲሞኒ ቁሶች ከጣራ ይልቅ በቤት ውስጥ ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ የሚል ሐሳብ የበረታው ከዚህ የተነሣ ነው። የመብራት ብርሃን ከቀይ በታች ያለው ክፍል ስለሌለው፣ ለፀሐይ ሰፊ የሆነው የ2 ኤሌክትሮን ቮልት ክፍተት ለክፍል ውስጥ ተስማሚ ይሆናል፤ በዚህ ብርሃን የብቃት ጣሪያው በስሌት ከ50 በመቶ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ሥራ ቢስመዝ ኦክሲአዮዳይድና አንድ የአንቲሞኒ ውህድ በቤት መብራት ከ4 እስከ 5 በመቶ ሰጥተዋል። የፀሐይ ብርሃን 100,000 ሉክስ ገደማ ሲሆን የቢሮ ብርሃን ከጥቂት መቶ እስከ 1,000 ሉክስ ነው። ሙቀቱም ከ25 ዲግሪ ብዙ አይርቅም። በግድግዳ ላይ ተለጥፎ የክፍልን ሙቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ የሚያስፈልገው ከአንድ ሺህኛ ዋት በታች ስለሆነ ሴሉ 5 በመቶ ብቃት ቢኖረውም ይበቃዋል። በዚያ ቦታ ግን ሴሉ ባትሪ ሳይቀየርለት አሥር ዓመት እንዲሠራ ይጠበቅበታል። ለ197 ቀናት በአየር ላይ የጸናው ቁስ ከነኤሌክትሮዶቹና ከነአስተላላፊ ንጣፎቹ፣ በደካማ ብርሃን ሥር ኤሌክትሪክ እየሰጠ ሲፈተሽ ምን እንደሚሆን ነው ቀጥሎ መለካት ያለበት።